«እንጦጦ እያለ ለምን?»፦ በኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ስለሚሠራ ማዘውተሪያ

ጥያቄው፦ «የምንኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ ባለ የኮንዶሚኒየም ሳይት ነው። 12 ብሎክ፣ ወደ 300 አባወራ አለን። በሁለት ብሎኮች መካከል 60 በ22 ሜትር የሚሆን ባዶ ቦታ ይገኛል። ኮሚቴያችን 40 በ20 ሜትር የሆነ የኳስ ሜዳ ሠርቶ፣ ሰው ሠራሽ ሣር አንጥፎ፣ በመረብ አጥሮ ለቡድኖች በሰዓት ለማከራየት አስቧል። ወጣቱም ከጫት ቤት ይወጣል ብለን ነው። ከነዋሪው ገሚሱ ‹መኪና ማቆሚያ ይሁን› ይላል። ሌሎቹ ደግሞ ‹እንጦጦና ወዳጅነት ፓርክ ተሠርተው የለም ወይ፣ ገንዘባችንን ለምን እናወጣለን› ይላሉ። ባለሙያ ምን ይመክረናል?»

ምላሽ፦ 40 በ20 የሆነ ሜዳ 22 ሜትር ስፋት ውስጥ አይገባም። በወረቀት ላይ በየጎኑ 1 ሜትር ይተርፋል። መሬት ላይ ግን ያቺን 1 ሜትር የመረቡ ምሰሶና የሚንደረደረው ተጫዋች ይወስዷታል፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው የምድር ቤት ነዋሪው የመኝታ ክፍል መስኮት ነው። የእሳት አደጋ መኪና፣ አምቡላንስና የፍሳሽ መምጠጫ ቦቴ የሚያልፉበት ቢያንስ 4 ሜትር መንገድ ሲቀነስ 18 ይቀራል። ከወዲያኛው ብሎክ ግድግዳ 3 ሜትር ሲራቅ ደግሞ 15። ስለዚህ እየተከራከራችሁበት ያለው ቦታ ስፋቱ 22 ሳይሆን 15 ሜትር ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ከእሱ ብዙ ነገር ይወጣል።

«እንጦጦ እያለ» የሚሉት ጎረቤቶቻችሁ የተሳሳቱት ፓርኩን በመውደዳቸው አይደለም። በ2012 መጀመሪያ አንድነት ፓርክ፣ በዚያው ዓመት ማብቂያ ወዳጅነት ፓርክ፣ በ2013 መጀመሪያ ደግሞ እንጦጦ ፓርክ መከፈታቸው ለከተማዋ ትልቅ ነገር ነው። ስህተቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደ አንድ መቁጠሩ ላይ ነው። በመንግሥት ወረቀት ሜዳዎቻችን «የስፖርት ማዘውተሪያ ስፍራ» ይባላሉ፤ ለአንዴም ቢሆን ቢሮው ትክክለኛውን ቃል መርጧል። ማዘውተር ደጋግሞ መሄድ ነው። በዓመት ሁለቴ፣ ለልደትና ለሠርግ ፎቶ የሚኬድበት ቦታ ጥሩ መዝናኛ ሊሆን ይችላል፤ ማዘውተሪያ ግን አይደለም።

ሒሳቡን አስሉት። 5 ሰው ያለበት ቤተሰብ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከቦሌ አራብሳ ተነስቶ፣ ከተማዋን አቋርጦ፣ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ወዳለው እንጦጦ ለመውጣት ሦስት ታክሲ ቢቀያይር ደርሶ መልሱ 30 የታክሲ ሒሳብ ይሆናል። የሰልፉን ጊዜና እዚያ የሚገዛውን ውኃና ምግብ ጨምሩበት። ይህ የአንድ እሑድ፣ ያውም የወር ደመወዝ በገባበት እሑድ፣ ዕቅድ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ያለችው ሁለት ሰዓትና ከሥራ መልስ የምትተርፈው አንድ ሰዓት እንጦጦ አትደርስም። የምታልቀው ደጃፍ ላይ ነው። የከተማ ሰው መዝናኛ አብዛኛው በእነዚህ ትንንሽ ሰዓቶች ውስጥ ያለ ነው።

መዝናኛን በቦታ ስናጠና መጀመሪያ የምንጠይቀው «ምን ያህል ያምራል» ብለን ሳይሆን «ማን፣ ስንት ደቂቃ ርቆ ይሄዳል» ብለን ነው። ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ዓለሙ እናቱ ከመስኮት ስትጠራው የሚሰማበት ርቀት ነው፤ 50፣ ቢበዛ 100 ሜትር። የ10 ዓመቱ ልጅ የአምስት ደቂቃ መንገድ፣ ማለትም ከ300 እስከ 400 ሜትር ይሄዳል፤ ዋና መንገድ ከመሃል ከገባ ግን ያም ይቀራል፤ ለሕፃን አንድ አስፋልት ማቋረጥ ኪሎ ሜትር እንደ መሄድ ነው። ጎረምሳው ለጥሩ ሜዳ ሲል አንድ ኪሎ ሜትር በእግሩ ይሄዳል፤ ለግጥሚያ ከሆነማ ከዚያም በላይ። ሰው ሲያረጅ ርቀቱ ተመልሶ ያጥራል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት መቀመጫ ከሌለ 100 ሜትሩም ይረዝምባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ ለከተሞች የሚመክረው ከመኖሪያ በ300 ሜትር ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር አረንጓዴ ቦታ እንዲኖር ነው። የእናንተ 1,320 ካሬ ሜትር የዚያ ሩብ ቢሆን ነው። ፓርክ አይወጣውም፤ ግቢ ግን ይወጣዋል። ከሁሉም የሚቀርበው የመጀመሪያው ክበብ፣ ማለትም ለሕፃኑ፣ ለአረጋዊቷና ለልጃገረዷ የሚሆነው ይህ ነው። ለጎረምሳው ትልቅ ኳስ የሚሆነው ሁለተኛው ክበብ ሌላ ቦታ ይፈለጋል፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ይህ ክፍተት እንዴት እንደመጣ ማወቁ ክርክራችሁን ያቀልላል። የድሮው ሰፈር ሜዳ በማንም ስም የተጻፈ አልነበረም፦ የወንዝ ዳር፣ የቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ፣ ቤት ያልተሠራበት ቁልቁለት። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ መሬት የመንግሥት ከሆነ በኋላ ባዶ ቦታ እንደልብ የሚሸጥ ነገር ስላልነበረ ብዙ ሜዳ ባለበት ቆየ። ከ1986 ጀምሮ ሊዝ መጥቶ መሬት በካሬ ዋጋ ሲወጣለት ካርታ የሌለው ሜዳ ተቆራጭ ሆነ። ጥምቀት የሚከበርበት ጃን ሜዳ እንኳ በ2012 በኮሮና ጊዜ የፒያሳን አትክልት ተራ ተቀብሎ የሽንኩርትና የቲማቲም ገበያ ሆኖ ነበር። ከዚያ ኮንዶሚኒየም መጣ። በዕጣ የደረሰው ሰው ቤት አገኘ፤ ግን የክረምቱን ውድድር የሚያዘጋጁት፣ መዋጮ የሚሰበስቡት፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቁት ሰዎች በየሳይቱ ተበተኑ። በብሎኮች መካከል ያለው ቦታ አሁን የሁሉም ስለሆነ የማንም አይደለም። የእናንተ ችግር ግማሹ ይህ ነው፤ ሣር ቢነጠፍበት አይፈታም።

ይህ የአዲስ አበባ ብቻ ጠባይ አይደለም። በፍጥነት በሚያድጉና ብዙ ገንዘብ በሌላቸው ከተሞች ሰው የሚዝናናው በአብዛኛው ለመዝናኛ ባልተሠራ ቦታ ነው፦ በመንገድ፣ በድልድይ ሥር፣ በባሕር ዳር፣ በገበያ ጠርዝ። የተሳካላቸው ቦታዎች ደግሞ አንዱን መሬት በሰዓት ከፋፍለው ለብዙ ሰው ያደረሱት ናቸው። ቦጎታ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እሑድ እሑድና በበዓላት መንገዶቿን ለመኪና ትዘጋለች፤ ዛሬ ርዝመቱ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ለመኪና ይመለሳል። እኛ በ2011 የጀመርነው «መንገድ ለሰው» ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ሙምባይ ውስጥ «መይዳን» በሚሏቸው ሜዳዎች (ቃሉ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም) በአንድ ጊዜ ብዙ የክሪኬት ግጥሚያ ይካሄዳል፤ የአንዱ ቡድን ተከላካይ የሌላው ቡድን ወርዋሪ አጠገብ ይቆማል። አጥር የለም፤ ልማድ ግን አለ።

አሁን ወደ ዕቅዳችሁ። «ወጣቱ ከጫት ቤት ይወጣል» የሚለውን ከደብዳቤያችሁ ላይ ሰርዙት። በአምስት ለአምስት ጨዋታ በአንድ ሰዓት የሚጫወተው 10 ሰው ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ሜዳው አንዴም ባዶ ባይሆን 40 ሰው ነው፤ ብዙውን ጊዜም እነዚያው 40 ሰዎች ናቸው። ጫት ቤት የሚቀመጠው ልጅ ደግሞ የሚቀመጠው ከምሳ በኋላ ነው፤ በፀሐይ ኳስ በማይጫወትበት ሰዓት። እዚያ የሚያገኘው ጥላ፣ መቀመጫ፣ ጓደኛና ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ነው። ጆተኒው፣ ከረንቦላው፣ ፕሌይስቴሽን ቤቱም የሚሞሉት በዚሁ ምክንያት ነው፦ ቅርብ ናቸው፣ ጥላ አላቸው፣ በትንሽ ሳንቲም ረጅም ሰዓት ያስቀምጣሉ። ከእነሱ ጋር የሚወዳደረው ጥላ ሥር ያለ አግዳሚ ወንበር እንጂ መረብ ውስጥ ያለ ሜዳ አይደለም። ሱስ ግን ሱስ ነው፤ በአግዳሚም አይድንም።

ኪራዩ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። በሰዓት የሚከፈልበት ሜዳ ውድ ሰዓቶቹ ከ11 እስከ 3 ናቸው፤ የሚከፍሉት ደግሞ ሥራ ያላቸው አዋቂ ወንዶች፣ ብዙዎቹም ከሳይቱ ውጪ የሚመጡ ናቸው። የግቢው ልጅ በገዛ ግቢው መረብ ይዞ ተመልካች ይሆናል። ገቢው ሲለመድ የጥበቃ ደመወዝና የመብራት ክፍያ በእሱ ላይ ይንጠለጠላል፤ ያኔ «ቅዳሜ ለልጆች እንልቀቅ» ያለ ኮሚቴ በጀቱን መቁረጥ ይሆንበታል። ጨቅላ ልጅ ያላቸው ቤቶችም ለሰው ንግድ ሲሉ እስከ ሌሊት ጩኸት ይሰማሉ። የጥገና ገንዘብ ካስፈለገ ከየቤቱ በወርኃዊ መዋጮ ይሰብሰብ እንጂ ከሰዓት ሽያጭ አይምጣ።

ሰው ሠራሽ ሣር ለእናንተ ግቢ አይሆንም። ጥሩው እንኳ በደህና ጥገና 8፣ 10 ዓመት ቢቆይ ነው፤ በደጋው ጠንካራ ፀሐይና ያለ ብሩሽ ከዚያ ያጥራል። በክሮቹ መካከል የሚረጨው የጎማ ብናኝ በጎርፍ እየታጠበ ቦይ ይደፍናል፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2031 እ.ኤ.አ. በኋላ እንዳይሸጥ ወስኗል። ከሁሉ በላይ ግን ቦታው አሁን የሚሠራውን ሥራ ይገድልባችኋል። ያ መሬት ባዶ አይደለም። የለቅሶ ድንኳን የሚተከለው፣ የሠርግ ዳስ የሚጣለው፣ ለመስቀል ዋዜማ ደመራ የሚደመረው፣ በርበሬ የሚሰጣው፣ ምንጣፍ የሚታጠበው እዚያ ነው። ሣሩ ካስማም እሳትም አይችልም። ሥሩ የፍሳሽ መስመርና ማንሆል ካለ ደግሞ (በብዙ ሳይት በብሎኮች መካከል የሚያልፈው እሱ ነው) መጀመሪያ በተደፈነ ቀን የሣር ምንጣፋችሁ ይቀደዳል።

መኪና ማቆሚያውን በአጭሩ ልጨርሰው። አንድ መኪና ከመዞሪያው ጋር ወደ 25 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። ለማለፊያ የሚቀረው ተቀንሶ 40 መኪና ቢቆም ነው፤ ለ300 አባወራ። አንዴ ከተሰመረ ቦታው ተመልሶ አይገኝም፤ የሌሎቹም ባለመኪኖች ጥያቄ አይቆምም። መኪናው በውስጥ መንገዱ ዳር በአንድ ወገን ይደርደር።

የምመክረው ይህን ነው። ከ60 ሜትሩ ርዝመት 24 ሜትሩን ወስዳችሁ 24 በ15 የሆነ ጠንካራ ወለል ሥሩ፤ ቀሪውን 36 ሜትር ለመቀመጫ፣ ለዛፍና ለሕፃናት ተዉት። 24 በ15 እንዲሁ የመጣ ልክ አይደለም። የመረብ ኳስ ሜዳ 18 በ9 ነው፤ ደንቡ የሚጠይቀውን 3 ሜትር ክፍት ዙሪያ ስትጨምሩበት በትክክል 24 በ15 ይሆናል። በዚያው ወለል ላይ 15 በ11 የሆነው የሦስት ለሦስት ቅርጫት ኳስ በአንዱ ጫፍ ይገባል። በትንሽ ጎል የሰፈር ኳስ ይጫወቱበታል፤ ጠዋት ትልልቆቹ ስፖርት ይሠሩበታል፤ ሲመጣም ድንኳን በካስማ ሳይሆን በድንጋይ ወይም በውኃ በተሞላ ጀሪካን ተወጥሮ ይቆምበታል። ደመራው ግን ከወለሉ ውጪ፣ አፈሩ ላይ ይሁን፤ ኮንክሪት እሳት ሲነድበት ይፈነዳል።

ከመቆፈራችሁ በፊት ግን ቁጠሩ። አንድ የሥራ ቀን፣ አንድ ቅዳሜና አንድ እሑድ ምረጡ። በየቀኑ በ1 ሰዓት ጠዋት፣ በ6 ሰዓት፣ በ10 ሰዓትና ማታ በ1 ሰዓት ለ10 ደቂቃ ቁሙና ቦታው ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ጻፉ፦ ከ7 በታች፣ ከ7 እስከ 14፣ ከ15 እስከ 30፣ ከዚያ በላይ፤ ወንድ፣ ሴት፤ ምን እየሠራ። 12 ገጽ ወረቀት ነው። በርበሬ የምታሰጣዋንም ጻፏት። ብዙ ጊዜ ከዚህ ወረቀት ላይ ጎልቶ የሚወጣው የሌሉት ናቸው፤ ልጃገረዶች ከ12 ዓመት ገደማ ጀምሮ ከክፍት ቦታ ይጠፋሉ። የቤት ሥራውም አለ፣ የሰው ዓይኑም አለ፤ ግን ቀድሞ የገባ ቡድን በያዘው፣ አንድ በር ባለው የታጠረ ሜዳ ውስጥ ማን ደፍሮ ይገባል? ስለዚህ ወለላችሁ ዙሪያውን አይታጠር። ቀጥሎ ለስድስት ሳምንት ቅዳሜና እሑድ በኖራ መስመር አስምራችሁ፣ ተንቀሳቃሽ መረብ አቁማችሁ ሞክሩት። የሚሰበር መስኮትና የሚነሳ ጭቅጭቅ ካለ በኖራ ጊዜ ይታይ፤ ከኮንክሪት በኋላ ማስተካከል ውድ ነው።

ወደ ግንባታው ስትገቡ ጠላታችሁ አፈሩ ነው። በምሥራቅና በደቡብ የከተማዋ ዳርቻ ያለው መረሬ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ በቀጥታ የፈሰሰ ኮንክሪት በሁለት ዓመት ውስጥ ይከፈላል። ወለሉን ከየጠርዙ ግማሽ ሜትር አስፍታችሁ፣ 25 በ16 ሜትር፣ 60 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ጥቁሩን አፈር አውጡ። በልኩ 240 ሜትር ኩብ ነው፤ ሲቆፈር ስለሚለቅ ግን ወደ 20 የሲኖትራክ ጉዞ አስቡ፤ የሚደፋበትንም ቦታ አስቀድማችሁ ተስማሙ። በምትኩ ገረጋንቲ በሦስት ንብርብር፣ እያንዳንዱ 20 ሴንቲ ሜትር ሆኖ፣ ውኃ እየጠጣ በሮለር ይጠቅጠቅ። ሥራ ተቋራጭ 60ውን ባንዴ ገልብጦ ከላይ ብቻ መጠቅጠቅ ይወዳል፤ እየቆማችሁ እዩት። ከዚያ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ታስሮ 10 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ይፍሰስ፤ 36 ሜትር ኩብ ነው። ወለሉ በአንድ ወገን ብቻ ያዘንብል፤ በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር፣ በ15 ሜትር 15 ሴንቲ ሜትር። ወደ ሁለት ወገን ያዘነበለ ወለል መሃሉ ጉብታ ይሆናል፤ የተስተካከለ ልሙጥ ወለል ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ኩሬ ነው። ውኃው የሚገባበት ቦይ ክዳን የሕፃን እግር የማያስገባ፣ ክፍተቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ይሁን።

ኮንክሪቱ በፈሰሰ በ24 ሰዓት ውስጥ በየ3 ሜትሩ በመጋዝ ይቆረጥ፤ ጥልቀቱ ሩቡ፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር። 40 ካሬ ይወጣዋል። ይህ ካልተደረገ ኮንክሪቱ ራሱ የፈለገበትን መስመር ይመርጣል። ፊቱን እንደ ሳሎን አታለስልሱት፤ ሳይደርቅ በመጥረጊያ ይሻከር። ለሰባት ቀን በረጠበ ጆንያ ይሸፈን፤ ልጆችም አይግቡበት፤ ከባዱ ይህኛው ነው። ማንሆል ወለሉ ሥር እንዳይቀበር፤ ካልተቻለ ክዳኑ ከወለሉ እኩል ከፍ ይበል። ለመረብ ምሰሶው ቱቦ ኮንክሪቱ ሳይፈስ ይቀመጥ፤ መረቡ ለወንዶች 2.43፣ ለሴቶች 2.24 ሜትር ነውና ሁለቱንም የሚይዝ መስቀያ ይኑረው። የቅርጫቱ ቀለበት 3.05 ሜትር ላይ ይዋል።

ጎሉን በተመለከተ፣ የፉትሳል ጎል 3 በ2 ሜትር ነው፤ እሱን አታቁሙ። ትልቅ ጎል ከሩቅ ጠንካራ ምት ይጋብዛል፤ ጠንካራ ምት መስኮት ይፈልጋል። ወርዱ 1.2፣ ቁመቱ 0.8 ሜትር የሆነ ትንሽ ጎል ያለ በረኛ ሲሆን ጨዋታው ወደ ቅብብል ይለወጣል፤ ትንንሾቹም ይገቡበታል። የማይነጥረው ቁጥር 4 የፉትሳል ኳስ ይገዛ። ማንኛውም ጎል፣ ትንሽም ቢሆን፣ ከወለሉ ጋር በብሎን ይታሰር። ያልታሰረ ጎል ላይ ልጅ ሲንጠለጠል ተገልብጦ ይገድላል፤ ይህ በብዙ አገር የሆነና የሚደጋገም አደጋ ነው። በሁለቱ አጭር ጫፎች 3 ሜትር፣ ወደ መስኮቱ ባለው ወገን 2 ሜትር የሽቦ መረብ በቂ ነው፤ የመቀመጫው ወገን ክፍት ይቆይ።

በዚያ በክፍቱ ወገን 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ግንብ ገንቡ፤ መቀመጫም፣ የኳስ ማቆሚያም ነው። እናቶች ጀበና ይዘው የሚቀመጡበት ሜዳ ልጃገረዶችም የሚመጡበት ሜዳ ነው፤ ከጥበቃ ይልቅ የሚጠብቀው ይህ ነው። በግንቡ አናት ላይ ሲሚንቶው ሳይደርቅ የገበጣ ጉድጓድና የዳማ ካሬ አስቀርጹ፤ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ለሕፃናቱ ቻይና ሠራሽ የፕላስቲክ መንሸራተቻ ከመግዛት አንድ የአሸዋ ጉድጓድ፣ ሁለት የተጋደሙ ግንዶችና በቀለም የተሣለ ሰኞ ማክሰኞ ይሻላል፤ መንሸራተቻው ሲሰበር ስለቱ ይቀራል፣ የሚጠግነውም አይገኝም። አሸዋው ማታ በሸራ ካልተሸፈነ ግን የድመት መጸዳጃ ይሆናል። ዛፎቹን በምዕራብ በኩል ትከሉ፤ የሚያስጨንቀው የከሰዓት ፀሐይ ነው። ቶሎ ጥላ ለማግኘት ግራቪሊያ፣ ለረጅም ጊዜ ወይራ፤ ከወለሉም ከፍሳሽ መስመሩም 3 ሜትር ራቅ ብለው። ባሕር ዛፍ ግቢ ውስጥ አይግባ።

መብራቱ በ6 ሜትር ምሰሶ ወደ ታች ብቻ የሚያበራ ይሁን፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ በሰዓት ቆጣሪ ይጥፋ፤ በሰው እጅ ከሆነ በየቀኑ ጠብ ነው። የሰዓት ድልድሉ በግድግዳ ላይ ይጻፍ። ጠዋት ከ12 እስከ 2 ለአዋቂዎች፤ ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ከ14 ዓመት በታች ላሉ፤ ከ11 እስከ 3 ለወጣቶች። ከዚህ ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን ከ11 እስከ 1 ሰዓት ለሴቶች ብቻ ይያዝ። መጀመሪያ ሳምንቶች ላይ ማንም ላይመጣ ይችላል፤ ሰዓቱን አትሰርዙት፤ አንድ አሰልጣኝ ወይም የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ለሁለት ወር ብትመደብ ይሞላል። ለቅሶ ሲኖር ድልድሉ በራሱ ይቆማል፤ ይህንም ጻፉት፤ ያልተጻፈው ነው የሚያጣላው።

አንድ ብር ሳታወጡ በፊት ቦታው የማን እንደሆነ አረጋግጡ። ከአዋጅ ቁጥር 370/1995 ጀምሮ የጋራ ሕንፃ ባለቤቶች ማኅበር የጋራ መጠቀሚያውን ያስተዳድራል፤ ግን በብሎኮች መካከል ያለ መሬት ሁሉ በማኅበሩ ይዞታ ውስጥ ነው ማለት አይደለም። የሳይት ፕላኑን ከክፍለ ከተማው አውጥታችሁ ድንበሩን በሜትር ለኩ፤ ለወለሉና ለመረቡ የግንባታ ፈቃድ ጠይቁ፤ ውሳኔው የኮሚቴ ሳይሆን የጠቅላላ ጉባኤ፣ በቃለ ጉባኤ የተያዘ ይሁን። ቦታው በፕላኑ ላይ በ«ክፍት ቦታ» ስም እንዲጸና ጠይቁ። የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን 30 በመቶውን ለመንገድ፣ 30 በመቶውን ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶውን ለግንባታ የሚል መርሕ አለውና የምትጠይቁት ውለታ አይደለም። ያለ ወረቀት የተሠራ ቆንጆ ሜዳ ለሚቀጥለው አልሚ የተደለደለ መሬት ነው።

ጎረምሶቹ ይህን ሲሰሙ «እና ኳሳችንስ?» ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ሙሉ ሜዳ በዚህ ግቢ አይገኝም፤ አጠቡት አስፉት አይወጣም። መልሱ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ካለው ትምህርት ቤት ጋር ነው። የትምህርት ቤት ሜዳ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ሙሉ ቀን ተዘግቶ ይውላል። ርእሰ መምህሩ የሚፈራው የሚሰበር መስኮት፣ የሚሰረቅ ዕቃና የሚያመሽ ሰው ነው። ስለዚህ ማኅበሩ የስም ዝርዝር፣ ሁለት ኃላፊ ሰዎች፣ የመውጫ ሰዓትና የጉዳት ካሣ የያዘ የአንድ ገጽ ውል ይዞ ይሂድ። የወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት በፊርማው ቢገባ ይሻላል። ልጆቹን ብቻቸውን መላክ ግን አይሠራም።

ጊዜውንም ከዝናቡ ጋር አስማሙ። ቆጠራውና የኖራው ሙከራ በመስከረምና በጥቅምት፤ ፈቃዱ በኅዳር፤ ቁፋሮው መሬቱ ሲጠፍፍ በታኅሣሥ፤ ኮንክሪቱ በጥር፣ የበልግ ዝናብ ሳይጀምር። ዛፉን ለሰኔ አቆዩት።